አንደኛ ዓመትን ደግሜ ኦርቶፔዲክስ ልግባ ስል የመጡልኝ 24 ምላሾች

መጀመሪያ በሐኪሞችና በሕክምና ተማሪዎች መድረክ ላይ የለጠፍኩት ጥያቄ ይህ ነው። ሳላሳምር እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። ኦርቶፔዲክስ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና ነው፤ ሮቴሽን በሆስፒታል ክፍሎች እየተዘዋወሩ የሚሠለጥኑበት ጊዜ፤ ስቴፕ ዋንና ስቴፕ ቱ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለሐኪምነት ፈቃድ የሚወሰዱ ፈተናዎች ናቸው።

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ ሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። አንደኛ ዓመት ላይ በግል ምክንያት ሁለት ኮርስ ወደቅኩ፤ አናቶሚና ባዮኬሚስትሪ። ትምህርት ቤቱ ዓመቱን አስደገመኝ። ከዚያ ወዲህ የወደቅኩት ነገር የለም። ስቴፕ ዋንን በመጀመሪያው ሙከራ አልፌያለሁ። የቀዶ ሕክምና ሮቴሽኔንም በከፍተኛ ውጤት ጨርሻለሁ። የምፈልገው ኦርቶፔዲክስ ነው። አማካሪዬ ግን ፋይሌን ከፍቶ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ፣ ሌላ ሙያ ባስብ እንደሚሻል ነገረኝ። በሩ ተዘግቷል ወይስ ጠቧል? ማጽናኛ አልፈልግም፤ እውነቱን ንገሩኝ።

ማጽናኛ አልፈልግም ያልኩት ውሸት ነው። በእኩለ ሌሊት እንዲህ ዓይነት ነገር የሚጽፍ ሰው ሌላ ምን ሊፈልግ ነው? ያም ሆነ ይህ በአንድ ሳምንት ውስጥ 24 ምላሽ ተጻፈ። አንዱ የእኔው ነው። እንደ አመጣጣቸው እነግራችኋለሁ።

ምላሽ 1፦ ማጽናኛው ወዲያው መጣ። የጻፈችው አራተኛ ዓመት ላይ ያለች፣ የውስጥ ደዌ ለመግባት ያመለከተች ልጅ ናት። አይዞሽ ብላ፣ የምታውቃት አንዲት ልጅም ወድቃ ተነስታ እንደተሳካላት ነገረችኝ። በየትኛው ሙያ እንደሆነ አልጻፈችም። እኔም አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ምላሽ 2፦ ጠዋት ስነሳ የጠበቀኝ ይሄ ነው። ሦስተኛ ዓመት የኦርቶፔዲክስ ሬዚደንት ነው፤ ማለትም ተመርቆ በሙያው እየሠለጠነ ያለ ሐኪም። ያስቀደመው ነገር፣ ኮርስ መውደቅና ስቴፕ መውደቅ አንድ እንዳልሆኑ ነው። ስቴፕ የወደቀ ሰው ውድቀቱ ትራንስክሪፕቱ ላይ ይቀመጣል። በኋላ ቢያልፍም አይፋቅም። ሬዚደንት የሚያሠለጥኑ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉት ኢራስ በሚባለው ሲስተም ነው፤ እዚያ ደግሞ ወድቆ የሚያውቅን አመልካች አንድም ሰው ፋይሉን ሳያነብ በኮምፒውተር ማጣራት ይቻላል። ወንፊት አለው ማለት ነው። ዓመት መድገም ግን የሚሰፍረው ዲኑ በሚልከው ደብዳቤ፣ ኤምኤስፒኢ በሚሉት ውስጥ ነው። እሱ ጽሑፍ ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ ካላነበበው አይታይም። ስለዚህ የእኔ ጣጣ የሚጀምረው ከወንፊቱ ካለፍኩ በኋላ ነው።

ሌላም ጨመረ። ስቴፕ ዋን ከጃንዋሪ 26፣ 2022 ጀምሮ ነጥብ የለውም፤ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው። ድሮ አንደኛ ዓመቷን ያበላሸች ልጅ ስቴፕ ዋን ላይ 250 አምጥታ ስሟን ታድስ ነበር። ዛሬ በቁጥር ስም ማደሻ የቀረው ስቴፕ ቱ ብቻ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያቺ የሌሊት ደስታ ትንሽ ቀነሰች።

ምላሽ 3፦ አጭር እርማት ናት። ኢራስ ራሱ ትምህርትሽ ተቋርጦ ወይም ተራዝሞ ያውቃል ወይ ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል፤ አዎ ከተባለ ምክንያቱ የሚጻፍበት ቦታ አለው። ስለዚህ ዓመት መድገም በዲኑ ደብዳቤ ውስጥ ብቻ ተደብቆ የሚቀር አይደለም። ምላሽ 2 ላይ የጻፈው ልጅ ዘንግቼው ነው ብሎ አመሰገነ። ጨዋነት እስከዚህ ድረስ ነበር።

ምላሽ 4፦ ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስቴፕ ዋንን አንድ ጊዜ ወድቆ በሁለተኛው ያለፈ ልጅ ነው። ይፈልግ የነበረው ደርማቶሎጂ፣ የቆዳ ሕክምና ነው። በደርዘን ለሚቆጠሩ ፕሮግራሞች አመለከተ። ለኢንተርቪው የጠራው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ የሚማርበት ሆስፒታል። አመልካቾችና ፕሮግራሞች በኮምፒውተር የሚጣመሩበት ምደባ ማች ይባላል፤ የማች ሳምንት ሰኞ ኢሜይሉ ሲመጣ ዋርድ ላይ ነበር። አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቶ በሩን ዘግቶ ከፈተው። ሰኞ ዕለት የሚነግሩህ ቦታ ማግኘትህን ወይም አለማግኘትህን ብቻ ነው፤ የት የሚለው ለዓርብ ነው። እሱ ዓርብን መጠበቅ አላስፈለገውም።

ከዚያ ሶፕ የሚባለው ሩጫ መጣ። ቦታ ያላገኙ አመልካቾች ያልሞሉ ፕሮግራሞችን ዝርዝር አይተው እንደገና ያመለክታሉ፤ ቢበዛ ለ45 ፕሮግራም። ሐሙስ ላይ ሁሉም ነገር ያልቃል። ዝርዝሩ ውስጥ ደርማቶሎጂ የሚል ፈልጎ አጣ። ፓቶሎጂ፣ በላብራቶሪ ናሙና የሚመረመርበትን ሙያ፣ አገኘና ገባ። የአራት ዓመት የሕይወቴን አቅጣጫ በሦስት ቀን ስልክ ወሰንኩት አለ። አሁን የደርማቶፓቶሎጂ ፌሎው ነው። ያ ሥልጠና አንድ ዓመት ነው፤ ከደርማቶሎጂም ከፓቶሎጂም ለመጣ ሰው ክፍት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆዳ ያያል፤ በማይክሮስኮፕ። እንደ ድል አድርጎ አልተረከውም፣ እሱን ወድጄለታለሁ። ሥራው ጥሩ ነው፤ የሚናፍቀው ግን ታካሚው ነው። የታካሚው ስም ስላይዱ ላይ ተለጥፎ ይመጣል፣ ሰውየው ግን አይመጣም።

ምላሽ 5፦ አንድ መስመር ናት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ብሎ አማካሪዬን ረገመልኝ። ምሳሌው ልክ ነው። እርግማኑ ግን አልጠቀመኝም።

ምላሽ 6፦ የመድረኩ ድምፅ እዚህ ጋ ተቀየረ። ይህ ሰውዬ ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። አማካሪሽ ልክ ነው ብሎ ጀመረ። ኦርቶፔዲክስ በዓመት ያለው ቦታ ወደ 900 ገደማ ነው። የሚያመለክተው ሰው ከ1,300 በላይ ነው። ቦታው ከሞላ ጎደል ሁሉም ይሞላል፤ ሶፕ ላይ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ቦታ ካጡት መካከል ዓመት ያልደገመ፣ ኮርስ ያልወደቀ፣ ጽሑፍ ያሳተመ በመቶ የሚቆጠር ሰው አለ። እነሱን አልፈው አንቺን የሚወስዱበት ምክንያት ምንድን ነው? እሱን መመለስ ካልቻልሽ አታመልክቺ አለ።

ተናደድኩ። ላፕቶፑን ዘግቼ በእግሬ ዞሬ መጣሁ። ስመለስም ቁጥሩ እዚያው ነበር።

ምላሽ 7፦ ለ6 የተሰጠ መልስ ነው። ስሌቱን ተቀብሎ ድምዳሜውን ግን አልተቀበለም። ይህ ልጅ ማችን እንደ ጨዋታ የሚወድ ሰው ይመስላል። ማች በ1952 ተጀመረ። አሁን ያለውን አሠራር አልቪን ሮዝ የተባለው ኢኮኖሚስት በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው ያሻሻለው፤ በ2012 ከሎይድ ሻፕሊ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘውም በዚሁ ዓይነት ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ የሚነሳው ከአመልካቹ ዝርዝር ነው። አንደኛ ብለሽ ያስቀመጥሽው ጋ ይሞክርልሻል፤ ካልሆነ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል። ስለዚህ ኦርቶፔዲክሶቹን ከላይ፣ መጠባበቂያ ሙያሽን ከታች ብታደርጊ የታችኛው የላይኛውን ዕድል አይነካም። ዝርዝሩን በልብሽ ምርጫ ቅደም ተከተል ሥሪ፤ ማን ይወስደኛል ብለሽ አትቀምሪ።

ምላሽ 8፦ ኮምፒውተሩ አያይም፣ ሰዎቹ ግን ያያሉ ብላ ያረመችው ሁለት ሙያ ያመለከተች ልጅ ናት። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለኦርቶፔዲክስም ለሌላም ስታመለክቺ ሁለቱ ክፍሎች ካፊቴሪያ ውስጥ ይገናኛሉ። የግል መግለጫ ጽሑፍም ሁለት ዓይነት ያስፈልጋል፤ የተሳሳተውን ልካ ታውቃለች። ለቀዶ ሕክምና ፕሮግራም ሕፃናትን ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ኢንተርቪው አልጠሯትም። በዚህ ቀን የሳቅኩት እዚህ ጋ ብቻ ነው።

ምላሽ 9፦ አንድ አንጋፋ የቀዶ ሐኪም ገቡ። ለብዙ ዓመታት ሬዚደንት በሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስለ ማች ስሌትም ስለ ስቴፕም አንድ ቃል አልተናገሩም። የያዙት ጥያቄዬ ውስጥ የነበሩትን ሁለት ቃላት ነው፤ በግል ምክንያት የሚሉትን።

እኚህ ሰው እንደጻፉት ኮሚቴው በአንድ ምሽት የፋይል ክምር ያነባል። በግል ምክንያት የሚል ሲያጋጥማቸው አንባቢው ባዶውን ቦታ በራሱ ይሞላዋል። ታማ ይሆን? የሥነ ምግባር ችግር ይሆን? ወይስ ጥፋቷን የማታምን ሰው ናት? የደከመው አንባቢ የከፋውን ይመርጣል። ይህን ቃል ማመልከቻሽ ላይ ብትጽፊው የተደገመው ዓመት ካደረሰብሽ በላይ ይጎዳሻል አሉ። ኢንተርቪው ላይ ጥያቄው ይመጣል፤ ከመጣም ጥሩ ነው፣ ፋይልሽን አንብበዋል ማለት ነው። ያኔ የምትናገሪው ከሌለሽ እዚያው ያበቃል። ንግግራቸው እንደ ስለት ነበር።

ምላሽ 10፦ አንዲት የሥነ አእምሮ ሬዚደንት ተቆጥታ መጣች። ዶክተር፣ ከይቅርታ ጋር፣ እርስዎ የሚሉት ነገር ሰውን ያስፈራል አለቻቸው። ሰው የታመመበትን ጉዳይ ለማያውቀው ኮሚቴ የመዘርዘር ግዴታ የለበትም። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረው የአሜሪካ ሕግም ቀጣሪ ሥራ ሳይሰጥ በፊት ስለ ሕመም እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ሬዚደንሲ ደግሞ ሥራ ነው። ምንም ሳትናገሪ የማለፍ መብት አለሽ አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን ታምሜ አልነበረም።

ምላሽ 11፦ ይህ የራሴ ነው። ለመጻፍ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ።

እናቴ ሥራ ያቆመችበት ዓመት ነበር። የቤት ኪራዩን ለማገዝ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ፋርማሲ ውስጥ እሠራ ነበር። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቅ እስከ ዛሬ የምናገረው ይህንኑ ነው። ያልተናገርኩት ይሄን ነው። እንደምወድቅ ከኦክቶበር ጀምሮ አውቄ ነበር። ተማሪ የሚያግዘው ቢሮ አናቶሚ ላቡ ካለበት አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው። በየቀኑ በበሩ አልፋለሁ። አንድም ቀን አልገባሁም። በክፍሌ ውስጥ አበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አበሻዋ ልጅ እርዳታ ጠየቀች እንዳይባል ፈራሁ። ማን ይለዋል? ማንም። በሁለተኛው ዙር ግን የትምህርት ዓመቱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ገባሁ። ፋርማሲውንም ተውኩ፤ የብድሩን መጠን ጨመርኩ።

ምላሽ 12፦ አንጋፋው ሐኪም ተመለሱ። መጀመሪያ ለምላሽ 10 መለሱ፤ ሕጉን በትክክል ተናግራለች፣ እኛም አንጠይቅም፣ ነገር ግን ዝም ያለን ሰው አንባቢ በልቡ ይጠይቀዋል አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የእናትሽን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሺው አሉኝ። ፋርማሲውንም እንደዚያው። ቢሮውንና በሩን ግን እንዳትተይው።

ምክንያታቸው ገረመኝ። ሌሊት ላይ እኔ ቤት ተኝቼ ሬዚደንቷ ዋርድ ላይ ናት አሉ። የአንዱ ታካሚ እግር አብጦ ጠንክሯል። እርግጠኛ ያልሆነች ሬዚደንት ብትደውል እግሩ ይተርፋል። አፍራ እስኪነጋ ከጠበቀች ጡንቻው ይሞታል። እኔ ከሬዚደንት የምፈልገው የማታውቀውን አለማወቋን በጊዜ የምትናገር ሰው ነው፤ አንቺ ይህን በአንድ ዓመት ዋጋ ተምረሽዋል አሉ። ደግሞ ረጅም አታድርጊው፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ምን ሆነ፣ ምን ቀየርኩ፣ መቀየሬ በምን ይታያል። ከሦስት ካለፈ ይቅርታ መለመን ይሆናል።

አማካሪዬ በሁለት ዓመት ውስጥ ያላለኝን እኚህ የማላውቃቸው ሰው በአንድ ምላሽ አሉኝ።

ምላሽ 13፦ የምላሽ 2ቱ ሬዚደንት ተመልሶ ወደ ተግባሩ ወሰደን። ኦርቶፔዲክስ ውስጥ ፋይል እንዲከፈት የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው አለ። አንዱ አዌይ ሮቴሽን ነው፤ አራተኛ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሌላ ሆስፒታል ሄዶ አንድ ወር መሥራት። እንደ ፈተና ነው። ሬዚደንቶቹ ከአንቺ ጋር ሌሊት ያድራሉ፣ ፕላስተር ስትይዥ ያዩሻል፣ ስትደክሚ ምን እንደምትመስዪ ያውቃሉ። የተደገመ ዓመት ያለው ሰው እዚያ ያገኘው ስም ከማንኛውም ወረቀት ይበልጥበታል፤ አንድ የሚያውቅሽ ሰው ስብሰባው ላይ እጁን ካወጣ የዲኑ ደብዳቤ ሌላ ትርጉም ይይዛል።

ሁለተኛው ሲግናል ነው። አመልካቹ ለተወሰኑ ፕሮግራሞች ከልቤ እፈልጋችኋለሁ ብሎ ምልክት ይልካል። ኦርቶፔዲክስ 30 ይሰጣል። ሠላሳውን የት ትልኪዋለሽ የሚለው ላይ ረጅም ምክር ጻፈ። ስመ ጥር ለሆኑት ሁሉ በትነሽ ብትጨርሺው የሚያነቡሽ ያልቃሉ። የራስሽ ትምህርት ቤት፣ ሮቴሽን የሠራሽባቸው፣ ቤተሰብሽ ያለበት አካባቢ፣ ከዚህ በፊት ቀጥ ባለ መንገድ ያልመጣ ተማሪ የወሰዱ፤ ለእነዚህ ላኪው አለ። የመጨረሻውን ለማወቅ የፕሮግራሙን ሬዚደንቶች ዝርዝር ከፍቶ ማየትና ለአንዱ መጻፍ ነው ያለው። ያለ ሲግናል የሚላክ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ይቀራል። ወንፊቱ አሁን እሱ ሆኗል።

ምላሽ 14፦ ይህ ሁሉ ስንት ያስወጣል ብሎ የጠየቀ ሰው ራሱ አሰበው። በ2025 የማመልከቻ ወቅት ኢራስ ለመጀመሪያዎቹ 30 ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ 11 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 30 ዶላር ያስከፍል ነበር። ለ80 ፕሮግራም ያመለከተ 1,830 ዶላር ይከፍል ነበር። ሲግናሉ 30 ከሆነ የቀረው 50 ለማን ነው የሚላከው? ለኢራስ ሒሳብ ነዋ። አዌይ ሮቴሽን ደግሞ የቤት ኪራይ አለው፤ የራስሽም ቤት እየተከፈለ። ኢንተርቪው ከወረርሽኙ ወዲህ በአብዛኛው በቪዲዮ መሆኑ ብቻ ነው እፎይ የሚያሰኘው።

ከ15 እስከ 18 ያሉት ምላሾች ከእኔ ጥያቄ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ከገንዘብ ተነስተው ወደ ሥራ ሰዓት ሄዱ። አንዱ ሬዚደንቶች በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ በአገር አቀፍ ደረጃ የተወሰነው በ2003 እንደሆነ አስታወሰ፤ የነገሩ መነሻም በ1984 ኒው ዮርክ ውስጥ ሆስፒታል በገባች ማግስት የሞተችው የ18 ዓመቷ ሊቢ ጽዮን እንደሆነች። ሌላው ማች ራሱ ደመወዝ ዝቅ አድርጎ ለመያዝ የተደረገ ስምምነት ነው ብሎ ተነሳ። በ2002 ሬዚደንቶች በዚሁ ምክንያት ከሰው ነበር፤ በ2004 ኮንግረሱ ማችን ከፀረ ሞኖፖሊ ሕጉ ተጠያቂነት ነፃ የሚያደርግ አንቀጽ አወጣና ክሱ ወደቀ። ይህን አላውቅም ነበር። እዚህ ጋ ምላሽ 6 ያለው ሰውዬ ተመልሶ የዛሬ ልጆች ሥራ አትወዱም አለ፤ ምላሽ 18 ላይ የጻፈው ልጅ ሌሊት ሲነዳ መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ስለተጋጨ የክፍል ጓደኛው ጻፈበት። ከዚያ በኋላ ለአንድ ቀን ማንም አልጻፈም።

ምላሽ 19፦ ዝምታውን የሰበረችው የሪሰርች ዓመት የወሰደች ልጅ ናት። ከሦስተኛና ከአራተኛ ዓመት መካከል አንድ ዓመት ኦርቶፔዲክስ ክፍል ውስጥ ምርምር ሠርታለች። ልትመክረኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ልታስጠነቅቀኝ ነው የመጣችው። ብዙዎቹ ቦታዎች አይከፍሉም ወይም የሚከፍሉት ለኪራይ አይበቃም። አንድ ዓመት ለደገመ ሰው ደግሞ ሌላ አንድ ዓመት ነው። ጽሑፍ ማሳተም የወደቀ ኮርስን አያነሳም። የሚጠቅመው በዓመቱ መጨረሻ ላይ ስልክ አንስቶ ይህቺን ልጅ ውሰዷት የሚል ሰው ካፈራሽ ብቻ ነው። እሷ አፍርታለች። አብሯት የሠራው ልጅ ከእሷ የበለጠ ጽሑፍ ነበረው፣ አለቃው ግን ስሙን እንኳ ያሳስት ነበር። እሱ ማች አላደረገም። ስለዚህ ከላቡ በፊት አለቃውን ጠይቂ፤ ያለፉት ተማሪዎቹ የት እንደገቡም ጠይቂ አለች።

ምላሽ 20፦ ሴት መሆኔን ያስተዋለች አንዲት ሐኪም ናት። በአሜሪካ ከሚሠሩት የኦርቶፔዲክስ ሐኪሞች መካከል ሴቶች ከአሥር አንድ አይሞሉም። በ1983 የተመሠረተ የሴቶች ማኅበር አለ፤ በሩት ጃክሰን ስም የተሰየመ፤ በ1937 ወደ አሜሪካ የኦርቶፔዲክስ ሐኪሞች አካዳሚ የገባችው የመጀመሪያዋ ሴት። በሮበርት ግላደን ስም የተሰየመም አለ፤ እሱ ከአናሳ ማኅበረሰብ የመጡ ሐኪሞችን ያሰባስባል። ሁለቱም ተማሪን ከሐኪም ጋር ያገናኛሉ። ስሜን ዝርዝር ላይ ለማስገባት አይደለም የነገረችኝ። አንደኛ ዓመት ላይ ያልከፈትሽውን በር አስታውሺ ብላ ነው።

ምላሽ 21፦ ውጭ አገር የተመረቀ ሐኪም ገብቶ ስለ ደርማቶሎጂ ጠየቀ። ከተመረቅኩ ሀያ ዓመት ሆኖኛል፣ ዕድል አለኝ ወይ ነው።

ምላሽ 22፦ ይህ የሌላ ሰው ጥያቄ ነው፣ የራስህን ክር ክፈት ተባለ። ትንሽ አሳዘነኝ። መልሱን የጻፈው ሰውም ሳያዝን አልቀረም፤ ዝቅ ብሎ ከሁሉ በፊት ውጭ አገር ለተመረቁ ሐኪሞች የሚሰጠው የኢሲኤፍኤምጂ ምስክር ወረቀት እንደሚያስፈልግ፣ ብዙ ፕሮግራሞችም የምረቃ ዓመትን እንደሚያዩ፣ የውስጥ ደዌንና የቤተሰብ ሕክምናን አስቀድሞ እንዲያስብ ጻፈለት።

ምላሽ 23፦ ስለ ስቴፕ ቱ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ ቅርብ የሆነው። አንድ ጊዜ ያለፍሽውን ፈተና ነጥብ ለማሻሻል መድገም አይቻልም። ይህን የማያውቅ ሰው አለ። ማለፊያው ከ2025 ጁላይ ጀምሮ 218 ነው፤ ኦርቶፔዲክስ ለሚያመለክት ሰው ግን 218 ከወደቀ ብዙም አይሻልም። በመጀመሪያው ሙከራ የምታመጪው ቁጥር ነው የሚከተልሽ። ስለዚህ ቀን ስትቆርጪ በጓደኞችሽ ቀን አትቁረጪ። የመለማመጃ ፈተናዎቹ ላይ የምትፈልጊው ቁጥር ደጋግሞ ካልመጣ ወር ግፊው። ብቻ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ፕሮግራሞች ፋይል መክፈት ከመጀመራቸው በፊት ነጥቡ እንዲደርስ አድርጊ። ዓመት የደገመ ሰው ባዶ ቦታ ይዞ አይቀርብም አለ።

የፈተና ቀኔ ከአንድ የልብ ጓደኛዬ ጋር የተቆረጠ ነበር። በዚያው ምሽት በሁለት ሳምንት ገፋሁት። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮችም ጻፍኩና ለአንጋፋው ሐኪም በግል ላክሁላቸው። ሁለተኛው ውስጥ ሦስት ቃል ሰርዘው መለሱልኝ። ሌላ አስተያየት አልጨመሩም።

ምላሽ 24፦ እጮኛዋም ሕክምና የሚማር አንዲት ልጅ ሁለት ሰው አንድ ላይ ማች ማድረግ እንዴት እንደሚቻል ጠየቀች። እሱ አኔስቴዥያ፣ እሷ ዓይን። የምላሽ 7ቱ ልጅ የዓይን ሕክምና በሌላ ማች በኩል እንደሚሄድና ውጤቱም ቀድሞ እንደሚወጣ በደስታ ማብራራት ጀመረ። የቀረው ሁሉ እሷን ተከትሎ ሄደ። ምላሽ 6 ያለው ሰውዬ እንኳ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ጻፈ።